ያልተደረሰበትና የማይደረስበት፦ ቋሚ እሴት የጃቫስክሪፕትን ሸክም እንዴት ያቀላል?

በመርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ አካባቢ በማለዳ የሚያልፍ ሰው አይሱዙ የጭነት መኪኖች ተደርድረው፣ ተሸካሚዎችም ሸክማቸውን ይዘው ሲሯሯጡ መመልከቱ አይቀርም። ከክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ነጋዴ ከዱባይ ተራና ከሚሊተሪ ተራ የሸመተውን ዕቃ እየቆጠረ ያስጭናል እንበል። በእጁ የያዘው ዝርዝር «መድረሻዬ ደባርቅ ከሆነ ብርድ ልብስ፣ መተማ ከሆነ ስስ አንሶላ» ይላል። መድረሻው ባልተወሰነበት ሰዓት ሁለቱም መስመሮች ያስፈልጋሉ። መኪናው ወደ መተማ እንደሚሄድ በተረጋገጠ ጊዜ ግን የብርድ ልብሱ መስመር ትርጉም ያጣል፤ የጭነት ሂሳብ የሚከፈለው በኩንታል ነውና ብርድ ልብስ ጭኖ ወደ ቆላ መውረድ ኪሳራ ነው።

ይህ የነጋዴ ብልሃት ዛሬ በስልካችን በምንከፍታቸው ድረ ገጾች ውስጥም ይሠራል። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች አንዱን ጥያቄ አስቀድመው በመወሰን፣ ከዚያ ውሳኔ በኋላ ሊሠራ የማይችለውን የኮድ ክፍል ሁሉ ከፋይሉ ያስወጣሉ። የተወሰነው መልስ «ቋሚ እሴት»፣ የሚወጣው ክፍል ደግሞ «የማይደረስበት ኮድ» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚቆምና በጥንቃቄ ካልተያዘ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል እንመለከታለን።

ምንጩ ራሱ የሚጓዝበት ቋንቋ

ጃቫስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብሬንደን አይክ የፈጠረው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ቋንቋ ከብዙዎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም በኮምፓይለር ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀየርና ውጤቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ይጫናል። ጃቫስክሪፕት ግን በምንጭ ኮድነቱ እንዳለ ከሰርቨር ተነሥቶ ወደ እያንዳንዱ ጎብኚ ስልክ ይጓዛል። የመጓጓዣውን ሂሳብ በአብዛኛው የሚከፍለውም የገጹ ባለቤት ሳይሆን በሜጋባይት የሚሸጥ የኢንተርኔት ጥቅል የገዛው ጎብኚ ነው።

ለምሳሌ አንድ የመርካቶ ጨርቅ አስመጪ 60 ኪሎባይት ጃቫስክሪፕት ያለው ድረ ገጽ አለው ብለን እናስብ። ከዚህ ውስጥ 20 ኪሎባይቱ ፈጽሞ የማይሠራ ቢሆንና ገጹን 5,000 ደንበኞች ቢከፍቱት፣ 100 ሜጋባይት ያህል ያለ አንዳች ጥቅም ተጓጓዘ ማለት ነው። ሰርቨሮች ፋይልን ጨምቀው የሚልኩበት ዘዴ ስላለ የጉዞው ሸክም ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ይሁን እንጂ ስልኩ የተጨመቀውን መልሶ ይዘረጋል፣ ያነባል፣ ይተነትናል፤ ዋጋው ርካሽ የሆነ ስልክ በዚህ ሥራ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ለባለቤቱ በግልጽ ይታወቀዋል።

ሸክሙን የማቅለል ሥራ የተጀመረው ከቀላሉ ነው። ዳግላስ ክሮክፎርድ በ2001 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ጄኤስሚን የተባለ መሣሪያ ትርፍ ክፍተቶችንና ለሰው ብቻ የተጻፉ ማስታወሻዎችን ያወጣ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች የተለዋዋጮችን ረጅም ስሞች በአንድ ፊደል መተካት ጀመሩ። ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ ልዩ ጥቅም አለው። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ የገባ ሲሆን፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ነው። የጃቫስክሪፕት ቁልፍ ቃላት በላቲን ይጻፉ እንጂ ለተለዋዋጭ የአማርኛ ስም መስጠት ይፈቀዳል፤ «ዘመን» የሚለው ስም 9 ባይት ወስዶ የነበረ ቢሆን፣ መሣሪያው ወደ 1 ባይት ያወርደዋል።

ለገዢው የሚታይ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግን በዚህ መንገድ አያጥርም። ፊደሉ ከተቀነሰ ሰው የሚያነበው ነገር ይለወጣልና መሣሪያው አይነካውም። እርሱን ከፋይሉ ለማስወጣት ዐረፍተ ነገሩ የሚገኝበት የኮድ ክፍል ፈጽሞ ሊሠራ እንደማይችል መረጋገጥ አለበት። ቋሚ እሴት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ የቀን ስሌት

የጠቀስነው አስመጪ በገጹ ላይ ደንበኛው ዕቃው የሚደርስበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላበት ቦታ አለው እንበል። ኮምፒዩተሩ ይህን ቀን ከሌላ አቆጣጠር ጋር ለማስታረቅ ቀኖችን ሁሉ ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ በተርታ በሚቆጥር ቁጥር ይመነዝረዋል፤ ይህም የጁልየስ ቀን ቁጥር ይባላል። ለዚህ ቅየራ ለኮምፒዩተር የሚመች ስሌት ካቀረቡት መካከል ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ ይገኛሉ፤ ስሌቱም በስማቸው ይታወቃል። ቀመሩ የሚከተለው ነው።

የቀን ቁጥር = (መነሻ + 365) + 365 × (ዓመት − 1) + (ዓመት ÷ 4) + 30 × ወር + ቀን − 31

ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ይያዛል፤ ይህም በየአራት ዓመቱ የምትጨመረውን ስድስተኛዋን የጳጉሜን ቀን ይቆጥራል። «መነሻ» የተባለው ቁጥር እንደ ዘመን አቆጣጠሩ ይለያያል። በዓመተ ምሕረት ለሚቆጥር 1723856፣ በዓመተ ዓለም ለሚቆጥር −285019 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2,008,875 ቀን ሲሆን፣ ይህም 5500 በ365.25 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ዓመተ ዓለም ከዓመተ ምሕረት በ5500 ዓመት የሚቀድም መሆኑ በቀመሩ ውስጥ ተቀምጧል።

እንፈትነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በዓመተ ምሕረት መነሻ ሲሰላ 2454356 ይሆናል። ያው ቀን በዓመተ ዓለም መስከረም 1 ቀን 7500 ሲሆን፣ በሌላው መነሻ ሲሰላም 2454356 ይሰጣል። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ማለት ነው።

ይህን ስሌት የያዘ ፕሮግራም ለብራና ተመራማሪም ለነጋዴም እንዲያገለግል ሆኖ የተጻፈ ቢሆን፣ በውስጡ የሚከተለውን የመሰለ ቅርንጫፍ ይኖራል። ቁልፍ ቃላቱን ለንባብ እንዲመቹ በፊደላችን ጽፈናቸዋል። «ኮንስት» የማይለወጥ እሴትን፣ «ሌት» ተለዋዋጭን ያውጃሉ፤ «ኢፍ» ማለት «ከሆነ»፣ «ኤልስ» ማለት «ካልሆነ»፣ «ፎልስ» ማለት «ሐሰት» ነው።

ኮንስት በዓመተ_ዓለም = ፎልስ;
ሌት መነሻ;
ኢፍ (በዓመተ_ዓለም) {
መነሻ = -285019;
አሳይ("ዓመቱን በዓመተ ዓለም ይጻፉ");
} ኤልስ {
መነሻ = 1723856;
አሳይ("ዓመቱን በዓመተ ምሕረት ይጻፉ");
}

የመርካቶ ደረሰኝ የሚቆረጠው በዓመተ ምሕረት ነው። ስለዚህ ለሱቁ በሚዘጋጀው ቅጂ የመጀመሪያው መስመር «ፎልስ» ተብሎ ተወስኗል። ከዚህ ውሳኔ በኋላ የላይኛው ቅርንጫፍ መተማ የሚወርደው ነጋዴ ብርድ ልብስ ሆነ ማለት ነው። በውስጡ ያለው የአማርኛ መልእክት ብቻውን 45 ባይት ይወስዳል።

መሣሪያው ምን ያደርጋል?

ማሳነሻ መሣሪያው ኮዱን እንደ ተራ ጽሑፍ አያየውም። በመጀመሪያ የቋንቋውን ሰዋስው ተከትሎ ወደ ዛፍ መሰል አወቃቀር ይለውጠዋል። ቀጥሎ ቋሚው ስም በተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ እሴቱን ይተካል፤ ቅድመ ሁኔታውም «ሐሰት ከሆነ» የሚል ይሆናል። ሐሰት መቼም እውነት አይሆንምና የላይኛው ቅርንጫፍ ከነመልእክቱ ተቆርጦ ይወድቃል፤ የታችኛው ብቻ ይቀራል።

ትርፉ በዚህ አያበቃም። ቅርንጫፉ ከመቆረጡ በፊት «መነሻ» ከሁለት እሴቶች አንዱን ሊይዝ የሚችል ተለዋዋጭ ነበር። አሁን ግን 1723856ን ብቻ ስለሚይዝ ራሱ ቋሚ ሆነ። በመሆኑም በቀመሩ ውስጥ «መነሻ + 365» የሚለው አስቀድሞ ይደመርና 1724221 ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ቋሚ የሞተ ቅርንጫፍ ያሳያል፤ የቅርንጫፉ መወገድ ደግሞ ሌላ ቋሚ ይወልዳል።

የዚህ አስተሳሰብ መሠረት ከጃቫስክሪፕት ይቀድማል። ጋሪ ኪልዳል በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ቋሚ እሴቶች በፕሮግራም ውስጥ እንዴት እየተላለፉ እንደሚሄዱ የሚከታተል ሥርዓታዊ ዘዴ አቅርቧል። ማርክ ዌግማንና ኬኔት ዛዴክ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ የቋሚዎች ፍለጋና የማይደረስባቸው ቅርንጫፎች ፍለጋ አንድ ላይ ሲካሄዱ፣ ለየብቻቸው ከሚያገኙት የበለጠ እንደሚገኝ አሳዩ። ከላይ የተመለከትነው የ«መነሻ» ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል።

አንባቢ እዚህ ላይ «መሣሪያው ለምን ከዚያም አልፎ አያቀልም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በእርግጥም ቀመሩን በእጃችን ብናስተካክለው የተበታተኑት ቁጥሮች ሁሉ 1723825 በሚል አንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ።

የቀን ቁጥር = 1723825 + 365 × ዓመት + (ዓመት ÷ 4) + 30 × ወር + ቀን

መሣሪያው ግን ይህን አይደፍርም። የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥሮች ተንሳፋፊ ነጥብ ያላቸው ስለሆኑ፣ እጅግ ትልልቅ ወይም ክፍልፋይ የሆኑ ቁጥሮች ቅደም ተከተላቸው ሲለወጥ ውጤታቸው በጥቂቱ ሊለይ ይችላል። ዓመቱ ምንጊዜም ልከኛ ሙሉ ቁጥር መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ መሣሪያው አያውቅም።

መሣሪያው የማይደፍራቸው

ይህ ጥንቃቄ ጥልቅ ምክንያት አለው። አለን ቱሪንግ በ1936 እ.ኤ.አ. ማናቸውም ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ይቆም እንደሆነ ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚወስን አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። ሄንሪ ራይስም በ1953 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ስለ ፕሮግራሞች ባሕርይ ወደሚነሡ ሌሎች ጥያቄዎች አሰፋው። በመሆኑም የማይደረስበትን ኮድ በሙሉ ያለ ስሕተት የሚለይ መሣሪያ አይኖርም። ያለው አማራጭ የተረጋገጠውን ብቻ ማውጣት፣ ያጠራጠረውን ሁሉ መተው ነው።

በጃቫስክሪፕት ጥርጣሬ የሚፈጥሩ ነገሮች ብዙ ናቸው። ሦስቱን እንጥቀስ።

አንደኛ፣ «ኮንስት» የሚያጸናው ስሙን እንጂ በስሙ ውስጥ ያለውን ዕቃ አይደለም። «ኮንስት ቅንብር» ተብሎ የተዘረዘሩ አማራጮችን የያዘ ዕቃ ቢታወጅ፣ ከውስጡ «ቅንብር.ሙከራ» የሚለውን ሌላ የኮድ ክፍል ሊለውጠው ይችላል። መጋዘኑ አይቀየርም ማለት በመጋዘኑ ያለው ዕቃ አይወጣም አይገባም ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተል ዋጋ አለው። «ሙከራ እና ሪፖርት()» ተብሎ የተጻፈ ቅድመ ሁኔታ፣ ሙከራ ሐሰት ከሆነ ሪፖርቱ ሳይጠራ ስለሚቀር ሙሉ በሙሉ ይወገዳል። «ሪፖርት() እና ሙከራ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሪፖርቱ አስቀድሞ ይጠራል፤ መልእክት ሊልክ ወይም ቁጥር ሊለውጥ ስለሚችል መሣሪያው ጥሪውን ለመተው ይገደዳል።

ሦስተኛ፣ «ቫር» በተባለው አሮጌ ቁልፍ ቃል የታወጀ ስም በሞተ ቅርንጫፍ ውስጥ ቢገኝም፣ አዋጁ ለመላው ፈንክሽን ያገለግላል። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ አዋጁ ለብቻው ተነጥሎ ካልቀረ በሌላ ቦታ ያለ ኮድ ሊበላሽ ይችላል። ደህና መሣሪያ ይህን ያውቃል።

ስለዚህ ፕሮግራም አዘጋጁ ማረጋገጫውን ከውጭ ማቅረብ ይችላል። ጉግል በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ክሎዠር ኮምፓይለር፣ ከዚያም አግሊፋይጄኤስና ዌብፓክ፣ ፋይሉ በሚዘጋጅበት ሰዓት «ይህ ስም ከዚህ እሴት ጋር እኩል ነው» ተብሎ እንዲነገራቸው ይፈቅዳሉ። ሪአክት የተባለው የታወቀ የገጽ መሥሪያ ቤተ መጻሕፍት ለፕሮግራም አዘጋጆች ብቻ የሚጠቅሙ ብዙ ማስጠንቀቂያዎችን ይዞ ለጎብኚው የሚደርሰው ቅጂ ግን ከእነርሱ ነጻ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

ያልተደረሰበት ሁሉ የማይደረስበት አይደለም

እስካሁን የተናገርነው ስለ መሣሪያው ጥንቃቄ ነው። መሣሪያው የነገሩትን ያምናል፤ ሐሰት የሆነ ቋሚ ቢሰጡት በዚያው ሐሰት ላይ ተመሥርቶ በታማኝነት ይቆርጣል። ስለዚህ ትልቁ አደጋ ያለው በሰው በኩል ነው።

የአስመጪው ገጽ ሌላም ቅርንጫፍ ነበረው እንበል፦ «የዶላር ምንዛሪ ከትናንቱ በ10 በመቶ በላይ ከተለወጠ ዋጋዎቹን ደብቅና ደንበኛው እንዲደውል ጠይቅ»። አዘጋጁ መዝገቡን አገላብጦ ይህ ቅርንጫፍ ለዓመታት አንድ ጊዜም እንዳልሠራ ተመለከተ። «ምንዛሪ_የተረጋጋ» የሚል ቋሚ አውጥቶ «እውነት» አለው፤ መሣሪያውም ቅርንጫፉን ቆረጠ፤ ፋይሉ ቀለለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እስከዚያ ዕለት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያ ቅርንጫፍ የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ በደንበኞቹ ስልክ ውስጥ አልነበረም፤ ገጹም በትናንት ዋጋ መሸጡን ቀጠለ። አስመጪው ሸጦ ያገኘው ገንዘብ ዕቃውን መልሶ የሚተካ አይሆንም።

የአዘጋጁ ስሕተት «ያልተደረሰበት»ን እና «የማይደረስበት»ን አንድ ማድረጉ ነው። የመጀመሪያው የታዛቢ ቃል ነው፤ እስከ ዛሬ ያየነውን ይናገራል። ሁለተኛው የሎጂክ ቃል ነው፤ ሊሆን የማይችለውን ይናገራል። ማሳነሻ መሣሪያ የሚገባው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቋሚ የምንላቸውን ነገሮች በሦስት መክፈል ይበጃል። በመጀመሪያ እንደ 1723856 ያሉ፣ በትርጉማቸው የጸኑ ቁጥሮች አሉ፤ እነዚህን ያለ ስጋት ለመሣሪያው መስጠት ይቻላል። ቀጥለው የራሳችን ውሳኔዎች ይመጣሉ፦ «ይህ ቅጂ ለነጋዴ ነው» ወይም «ይህ ቅጂ ለሙከራ አይደለም» የሚሉት። ውሳኔውን የምንለውጠው እኛው ስለሆንን፣ በለወጥን ጊዜ ፋይሉን እንደገና እናዘጋጃለን። በመጨረሻ ሌላ ወገን የሚወስናቸው ቁጥሮች አሉ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ሆኖ ቢቆይም በሕግ የተወሰነ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የምንዛሪ ተመንም እንዲሁ። እነዚህ በረጅም ዕድሜያቸው ቋሚ ይመስላሉ፤ ቅርንጫፍ ማስቆረጫ መሆን ግን የለባቸውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የተደበቀና የተወገደ ነገር አንድ አይደሉም። የጅምላ ዋጋ ዝርዝርን የያዘ የሙከራ ቅርንጫፍ በ«ቅንብር.ሙከራ» ብቻ ተዘግቶ ከሆነ፣ በገጹ ላይ አይታይም እንጂ በፋይሉ ውስጥ አለ። ጃቫስክሪፕት በምንጭነቱ ስለሚጓዝ፣ ማንኛውም ተፎካካሪ ፋይሉን ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። በእርግጥ ምስጢር የሆነ ነገር ከመጀመሪያውም ወደ ጎብኚ ስልክ በሚላክ ኮድ ውስጥ ባይጻፍ ይመረጣል።

መወገዱን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። በቅርንጫፉ ውስጥ የነበረውን አንድ የአማርኛ ሐረግ በተዘጋጀው ፋይል ውስጥ መፈለግ ነው። ሆኖም እንደ ኢኤስቢልድ ያሉ መሣሪያዎች ካልተከለከሉ በቀር የአማርኛን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ፣ በ6 ባይት ይጽፉታል፤ «መ» በ1218 ቁጥር ይወከላል። በፊደል ፈልጎ ያጣ ሰው «ተወግዷል» ብሎ ከመደምደሙ በፊት በቁጥሩም ይፈልግ።

ለአንባቢያን የቀረበ ሙከራ

በምናለሽ ተራ የተጣለ በርሜል ምድጃ፣ ያረጀ ቆርቆሮ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል፤ እዚያ «ሙት» ተብሎ በችኮላ የሚፈረጅ ነገር የለም። ፕሮግራም አዘጋጅም የሚቆርጠው ከሚላከው ቅጂ ላይ ነው፤ ምንጩን ከነቅርንጫፎቹ በሥራ ቦታው ያስቀምጣል። ሁኔታው በተለወጠ ጊዜ ቋሚውን ለውጦ ሌላ ቅጂ ያወጣል።

ለማጠቃለያ ያህል ወረቀትና እርሳስ ያዙና ያጠቃለልነውን ቀመር በዓድዋ ድል ዕለት፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ላይ ሞክሩት። የካቲት ስድስተኛው ወር ነው። ያገኛችሁት ቁጥር 2413620 ከሆነ ስሌታችሁ ትክክል ነው። ቁጥሩን ለ7 ስታካፍሉት የሚተርፈው 6 ይሆናል፤ ሰኞን 0 ብለን ከጀመርን 6 እሑድ ነው፤ ጦርነቱም የተካሄደው በዕለተ እሑድ ነበር። ይህንን ስታደርጉ የዓመተ ዓለምን ቅርንጫፍ አንድ ጊዜም እንዳላስፈለጋችሁ አስተውሉ። ከዚያም ለራሳችሁ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቅርንጫፉ ያላስፈለጋችሁ እስካሁን ስላልመጣባችሁ ነው ወይስ ሊመጣባችሁ ስለማይችል?